መዝገቡ ላይ የሌለው ዘረፋ



ከኢሻ ሶላት በኋላ መስጂዱ በር ላይ ጫማችንን ስናጠልቅ የሚነሳው ወሬ ሰሞኑን አንድ ብቻ ነው፤ ዘረፋ። ባለፈው ሐሙስ አንዱ ወንድማችን "በዚህ ወር ብቻ ስድስት ልጆች ተዘርፈዋል" አለ። ሌላው ቀበል አድርጎ "ስድስት? እኔ የሰማሁት ስምንት ነው" አለ። ሁላችንም "ሱብሓነላህ" ብለን ባትሪያችንን አብርተን፣ ተጠጋግተን ወደ ግቢ ተመለስን። "እነማን ናቸው?" ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም። እኔም አልጠየቅኩም። ጥያቄው የመጣልኝ ዶርም ገብቼ ብርድ ልብሴን ከተከናነብኩ በኋላ ነው።

በማግስቱ ከጁሙዓ ሶላት ጀምሮ ሁለት ቀን ሙሉ አንድ ደብተር ይዤ ዞርኩ። የነገረኝን ሁሉ "አንተ ከማን ሰማህ?" እያልኩ ወደ ኋላ ሄድኩ። መጨረሻው እንዲህ ሆነ። አንድ የሁለተኛ ዓመት ሲቪል ተማሪ ስልኩን ተቀምቷል። ይህ እውነት ነው፤ ራሱን አግኝቼ አናግሬዋለሁ። እሱ ለዶርም ጓደኞቹ ነገራቸው። አንዱ "የእኛ ብሎክ ልጅ ተዘረፈ" ብሎ አወራ፣ ሁለተኛው "አንድ ሲቪል ተማሪ"፣ ሦስተኛው "አንድ የዳንግላ ልጅ"፣ አራተኛው ደግሞ "አንድ ባለ መነጽር"። አራቱም ልክ ናቸው። ልጁ የዳንግላ ነው፣ ሲቪል ነው፣ መነጽር ያደርጋል፣ ብሎኩም ያው ነው። መስጂዱ በር ላይ ሲደርስ ግን አንዱ ሰው አራት ሰው ሆኗል። አምስተኛዋ ቦርሳዋን ሊነጥቋት ሞክረው የተረፈች እህት ናት፤ ምንም አልተወሰደባትም። ስድስተኛውን ማን እንደጀመረው እስከ ዛሬ የሚያውቅ አላገኘሁም።

መድረሳ ያደገ ሰው ይህ ነገር አዲስ ሊሆንበት አይገባም። እኔ የተወለድኩት ዳንግላ ነው። ከመንግሥት ትምህርት ቤት ስመለስ ቦርሳዬን ጥዬ ሉሕ ይዤ የምሮጥ ልጅ ነበርኩ። ኡስታዛችን ስለ ሰነድ ሲያስተምሩን አንድ ወሬ በአሥር አፍ ቢመጣ እንኳ አሥሩም ከአንድ ሰው ከሰሙት የአንድ ሰው ወሬ ነው ይሉን ነበር። የሐዲስ ሰዎች ቆጠራ ራሱ ምን ያህል አስቸጋሪ እንደሆነ ያውቃሉ። የቡኻሪን ሶሒሕ ውሰዱ። ኢብኑ ሶላሕ ከነድግግሞሹ 7,275፣ ያለ ድግግሞሽ 4,000 ገደማ ብለው ቆጠሩት። ኢብኑ ሐጀር ደግሞ ከነድግግሞሹ 7,397፣ ያለ ድግግሞሽ 2,602 አሉ። አንድ መጽሐፍ፣ ሁለት ታላላቅ ዓሊሞች፣ አራት ቁጥር። ከመካከላቸው የዋሸ የለም። "ምኑን አንድ ብለህ ትቆጥራለህ?" የሚለው ጥያቄ ነው ያለያያቸው። ፊት ለፊት ተቀምጦ በሚነበብ መጽሐፍ ላይ እንዲህ ከሆነ፣ በጨለማ በሚፈጸምና የተበደለው ሰው ለመናገር በሚያፍርበት ነገር ላይ እንዴት ይሆናል?

እስካሁን ያልኩትን አንብቦ "እንግዲያው ዘረፋው የፈጠራ ወሬ ነው ማለት ነው" የሚል ካለ ይቆይ። ደብተሬ ላይ በዚያ ሁለት ቀን ያልጻፍኩት አንድ ዘረፋ አለ። የራሴ።

ኅዳር ውስጥ ነው። የእንጅባራን የኅዳር ንጋት የማያውቅ ፍሬሽ ካለ በሚቀጥለው ዓመት ኢንሻአላህ ያየዋል፤ ብርዱ አጥንት ይገባል፣ ጉሙ የዲከረንሱን ዛፍ ከመንገዱ ጋር አንድ ያደርገዋል። ለሱብሒ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ገደማ ብቻዬን ወጣሁ። አንዱ ከኋላዬ አንገቴን ያዘኝ፣ ሌላው ኪሴን በረበረ። ስልኬን፣ 340 ብርና የተማሪ መታወቂያዬን ወሰዱ። አልሐምዱሊላህ፣ ሌላ አልነኩኝም። መስጂድ ገብቼ ሰገድኩ፤ ምን እንደቀራሁ ግን አላስታውስም።

መታወቂያ ከሌለህ ካፌ አትበላም፣ ፈተና አትገባም። ምትክ ለማውጣት የፖሊስ ወረቀት ያስፈልጋል። በዚህ ነገር ልምድ ያለው አንድ ጓደኛዬ መከረኝ፦ "ተዘረፍኩ ካልክ ቃል ስጥ፣ ምስክር አምጣ፣ ነገ ተመለስ ትባላለህ። ጠፋብኝ በል፤ ወዲያው ይጽፉልሃል።" ሄድኩ። የተቀበለኝ ፖሊስ ጨዋ ሰው ነበር፤ እንድቀመጥ ወንበር ሰጠኝ። "የት ነው የጠፋብህ?" አለኝ። "መንገድ ላይ" አልኩት። ጻፈ፣ ማኅተም አደረገ፣ ሰጠኝ። ሩብ ሰዓትም አልፈጀም። ስወጣ "መንገድ ላይ መሆኑ ውሸት አይደለም" ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ጥር ውስጥ ተማሪዎች ተሰባስበን ጠዋትና ማታ በዚያ መንገድ ላይ ጥበቃ እንዲመደብ ለመጠየቅ ሄድን። እኔም አለሁበት። ኃላፊው መዝገቡን አስመጥተው ገለጡ። "ከዚህ መንገድ የቀረበ የዘረፋ አቤቱታ አላየሁም" አሉን። "የጠፋ መታወቂያ ግን በዝቷል። እናንተ ተማሪዎች ዕቃችሁን ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙ እንጂ።" አብረውኝ የሄዱት ልጆች በንዴት "ይሄ መዝገብ ውሸት ነው!" እያሉ ወጡ። እኔ ጫማዬን ነበር የማየው። መዝገቡ አልዋሸም፤ የነገርኩትን ነው የያዘው። ከነዚያ ሁሉ "የጠፉ" መታወቂያዎች ስንቱ እንደ እኔ እንደሆነ አላህ ይወቀው።

የፖሊስ ቁጥር ማለት ይህ ነው። የሚቆጥረው ጣቢያ ድረስ ሄደው "ይህ ደረሰብኝ" ያሉ ሰዎችን ነው፤ ያልመጣው ሰው የለም። በዚህ ላይ የስሙ ጉዳይ አለ። እኛ ሁሉንም "ዘረፋ" እንላለን፤ ሕጉ ግን እንደዚያ አይልም። በወንጀል ሕጋችን ስርቆት በአንቀጽ 665፣ ውንብድና በአንቀጽ 670፣ ከባድ ውንብድና በአንቀጽ 671 ነው። ኃይል ወይም ከባድ ዛቻ ካለበት ውንብድና ይሆናል፤ ቅጣቱም ከ1 እስከ 15 ዓመት ፅኑ እሥራት ይደርሳል። መሣሪያ ሲጨመርበት ወይም በቡድን ሲሆን ወደ ከባዱ ይሄዳል፣ ከ5 እስከ 25 ዓመት። ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጥከው ስልክ ከጠፋ ስርቆት ነው። ስለዚህ "ውንብድና ቀነሰ" የሚል ሪፖርት ስትሰሙ ስርቆቱና "የጠፋው" የት እንደደረሰ አብራችሁ ጠይቁ። ከአንዱ ሳጥን ወጥቶ ሌላው ውስጥ ገብቶ ሊሆን ይችላል።

ይህ የእኛ አገር ጉድ ብቻ አይደለም። አሜሪካኖች ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከፖሊስ መዝገብ ጎን ለጎን ሰዎችን በየቤታቸው "ባለፉት ስድስት ወራት ምን ደረሰባችሁ? ለፖሊስስ ተናግራችኋል?" እያሉ ይጠይቃሉ። በቅርብ ዓመታት ጥናታቸው መሠረት ድብደባና ዘረፋን ከመሰሉ ጥቃቶች ለፖሊስ የሚደርሰው ከግማሽ በታች ነው። ስልክ አንስተህ ፖሊስ በደቂቃ የሚደርስበት አገር ላይ!

የቁጥሩን የታችኛውን ክፍልም እንይ። ወንጀል "ከመቶ ሺህ ሰው ይህን ያህል" ተብሎ ሲነገር የሚካፈለው ለሕዝብ ብዛት ነው። የእኛ የመጨረሻ የሕዝብ ቆጠራ የ1999ኙ ነው፤ ከዚያ በኋላ የታሰበው ሲራዘም ሲራዘም ቀርቷል። በ1999 እንጅባራ 21,065፣ ዳንግላ 24,827 ሰው ነበራቸው። ያኔ ይህ ዩኒቨርሲቲ አልነበረም። እኛ ሁላችን፣ እኛን ብለው የተከፈቱት ምግብ ቤቶች፣ ባጃጆቹ፣ ከመተከል ተፈናቅለው የመጡት ቤተሰቦች፣ ማናችንም በዚያ ቆጠራ ውስጥ የለንም። እንበልና በዓመት 12 ዘረፋ ተመዘገበ። ለአሮጌው ቁጥር ካካፈልነው ከመቶ ሺህ 57 ይሆናል። የከተማው ሰው ዛሬ 60 ሺህ ነው ብለን ካካፈልነው ደግሞ 20። የተዘረፈው ሰው ያው 12 ነው። ጥር 23 ቀን የፈረሰኞቹ በዓል ሲከበር ከተማው ከየወረዳው በመጣ ሰው ይሞላል። በዚያ ቀን የጠፋ ስልክ ቢበዛ "ከተማው ተበላሸ" ከማለት በፊት ስንት ስልክ ከተማ ውስጥ እንደገባ ማሰብ ነው።

ለእኛ ግን ከዚህ ሁሉ የሚቀርብ ነገር አለ። እኛ ለጀመዓ ሶላት ከግቢ ውጭ ወዳለው መስጂድ እንወጣለን፤ ያውም ሱብሒና ኢሻ፣ ማለትም ሌላው ተማሪ ተኝቶ ወይም ላይብረሪ ተቀምጦ ባለበት ሰዓት። በዓመት ሁለት ተማሪ ተዘረፈ ቢባል ለሺዎቹ ተማሪዎች ሲካፈል ኢምንት ነው። በጨለማ ያንን መንገድ የሚሄዱት 60 ልጆች ቢሆኑና ሁለቱም ከእነሱ ቢሆኑ ግን ከ30 አንድ ማለት ነው። የዩኒቨርሲቲው አማካይ ለእኛ አይሠራም። ስለዚህ "ትንሽ ነው" ሲሉን የእኛን ሰዓትና የእኛን መንገድ ለይተን ማሳየት አለብን።

ዜሮም ያታልላል። አንድ ወንድም በኩራት "አልሐምዱሊላህ፣ በእህቶቻችን ላይ አንድም ዘረፋ አልደረሰም" ሲል ሰምቼዋለሁ። አሚራቸውን አስጠየቅኩ። እህቶች ከወር በላይ የማታውን ደርስ አቁመዋል፤ አይወጡም። ያልወጣን ሰው ማን ይዘርፈዋል? ሐምሌ 28 ቀን 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅና የሰዓት እላፊ ሲጣል ማታ መንገዱ ጭር ያለበትን ጊዜ ታስታውሳላችሁ። ያኔ የማታ ዘረፋ ቀንሶ ቢመዘገብ ሰው ተረጋግቶ ነበር የሚል ማን ነው? ፍርሃቱ ራሱ ቁጥሩን ዝቅ ያደርገዋል። የእህቶች ዜሮ የሚነግረኝ መንገዱ ሰላም መሆኑን አይደለም፤ መንገዱ ተዘግቶባቸዋል።

ስለ ትንንሽ ቁጥሮች ደግሞ የፕሮባብሊቲ ኮርስ የወሰዳችሁ ታውቁታላችሁ። በአንድ ከተማ በወር በአማካይ 4 ዘረፋ ይደርሳል እንበል። ምንም ነገር ሳይለወጥ፣ ያው ሌባ፣ ያው ጨለማ እያለ፣ 7 እና ከዚያ በላይ የሚደርስበት ወር ከዘጠኝ ወር አንዴ ገደማ በራሱ ይመጣል። በአንድ ዓመት ውስጥ ቢያንስ አንድ እንዲህ ያለ ክፉ ወር የማየት ዕድላችን ከአራት ሦስት ነው። ያ ወር ሲመጣ ቴሌግራሙ ይጋጋላል፣ "ከተማው አለቀለት" ይባላል። በሚቀጥለው ወር ወደ 3 ሲወርድ ደግሞ ሪፖርት የሚያቀርበው ሰው "ባደረግነው ጥረት ከግማሽ በላይ ቀንሷል" ይላል። ሁለቱም የተናገሩት ስለ ዕጣ ነው። ከ2 ወደ 4 ሲሄድ "መቶ በመቶ ጨመረ" የሚል ሰው ካጋጠማችሁ "ስንት ነው በቁጥር?" በሉት። ዳንግላ ያለችው እናቴ እንዲህ ያለ ወሬ በሰማች ቁጥር ደውላ "ልጄ፣ ሱብሒን እዚያው ክፍልህ ስገድ" ትለኛለች። እሷን በፐርሰንት ማሳመን አይቻልም፤ አልሞከርኩም።

የቁጥር ጨዋታ ብቻ ቢሆን ይህን ሁሉ ባልጻፍኩ። ያ "ስድስት" የሚለው ወሬ በወጣ ማግስት ማታ፣ ማለትም ደብተሬን ይዤ መዞር በጀመርኩበት ቀን፣ የሆነ ነገር አለ። አምስት ሆነን ከመስጂድ ስንመለስ አንድ ልጅ ከመናኸሪያው በኩል ሲመጣ አገኘነው። ዕድሜው አሥራ ስድስት ቢሆን ነው፤ ቀን ቀን ዕቃ የሚሸከም ልጅ ነው። ቀደም ብሎ አንዱ "እነዚህ የመናኸሪያ ልጆች ናቸው የሚዘርፉት" ሲል ሰምተን ነበር። ከማን ሰማህ ብለን ግን አልጠየቅንም። አስቆምነው። ኪሱ ተፈተሸ፣ ስልክ ተገኘ። "የማን ነው?" "የእኔ ነው።" "ክፈተው!" እጁ እየተንቀጠቀጠ ቁልፉን ሁለት ጊዜ ሳተው። በዚህ መሃል አንዱ በጥፊ መታው። በሦስተኛው ተከፈተ፤ ፊቱ ላይ የትንሽ እህቱ ፎቶ አለ። ከመተከል ተፈናቅለው ቻግኒ ቆይተው እንደመጡ፣ ስልኩን በሸክም ገንዘብ እንደገዛው ነገረን። እኛ ዝም አልን። ልጁ ስልኩን ተቀበለና "አሁን ልሂድ?" አለን።

ባትሪውን ይዤ ሳበራ የነበርኩት እኔ ነኝ። በቀን ወሬውን ማጣራት የጀመርኩት፣ መዝገቡ ለምን ባዶ እንደሆነ ከማንም በላይ የማውቀው እኔ፣ ማታ ባትሪ ያዥ ሆንኩ። በዚያን ዕለት ማታ በዚያ መንገድ ላይ ሰው አስቁሞ፣ በኃይል ኪስ የበረበረ ቢቆጠር የሚገኘው ቁጥር እኛ ነን። ልጁም ጣቢያ ሄዶ አይናገርም። ማን ያምነዋል? እሱም መዝገቡ ላይ የለም። በማግስቱ ከመቺው ጋር ሄደን ይቅርታ ጠይቀነዋል። "ምንም አይደል" አለ፤ ዓይናችንን ግን አላየንም። ወሬ ሲመጣ ማጣራትን ሱረቱል ሑጁራት ላይ በልጅነታችን ሐፍዘናል፤ ለዚያ ልጅ ግን አልጠቀመውም።

ምን ይደረግ ለሚለው ያለኝ ትንሽ ነው። በጀመዓው መጻሕፍት ክፍል አንድ የተሰመረ ደብተር አስቀምጠናል፤ ለእህቶች በአሚራዋ በኩል ሌላ አለ። የደረሰበት ሰው ራሱ ይጽፋል፤ የሰማ ሰው አይጽፍም። ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ የተወሰደው ነገር፣ ኃይል ወይም ስለት መኖር አለመኖሩ፣ ለፖሊስ መነገር አለመነገሩ። የተጎጂ ስም አይጻፍም። የዘራፊው "ምን ይመስላል" የሚል ዓምድ እንዲገባ የጠየቁ ወንድሞች ነበሩ፤ እኔ አልተስማማሁም። መልክ ለፖሊስ በቃል ይሰጣል እንጂ ደብተር ላይ ተሰቅሎ ሃምሳ ሰው አንብቦት ማታ ባትሪ ይዞ አይወጣበትም። በወር አንዴ ድምሩን ከፖሊስና ከተማሪዎች ኅብረት ጋር እናነጻጽራለን። ያለፉትን ወራትም ከቻላችሁ ሙሉ።

ጣቢያ ስትሄዱ ደግሞ የደረሰባችሁን በስሙ ጥሩት። በ1954 የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በቃል የቀረበ አቤቱታ በጽሑፍ ሰፍሮ ለተናጋሪው ከተነበበለት በኋላ እንዲፈርም ያዝዛል። ሲነበብላችሁ አዳምጡ። "ጠፋ" የሚል ካለ "ተቀማሁ" ብላችሁ አስተካክሉ፣ ከዚያ ፈርሙ። ምልልሱ እውነት ነው፤ ላብ ያለበትን ቀን ሊያስቀርባችሁ ይችላል። አሁኑኑ *#06# ደውላችሁ የስልካችሁን ቁጥር ወረቀት ላይ ገልብጡ፤ ስልኩ ውስጥ አታስቀምጡት (አንድ ወንድም እንደዚያ አድርጎ ነበር)።

እኔ ባለፈው ማክሰኞ ወደዚያው ጣቢያ ተመልሼ የኅዳሩን ነገር በትክክለኛ ስሙ አስመዝግቤያለሁ። ያው ጨዋ ፖሊስ ነበር። "ያኔ ለምን አልነገርከኝም?" አለኝ፤ የፈተና ሰሞን እንደነበር ነገርኩት። ሦስት ጊዜ አመላልሶኛል፣ ገና አንድ ቀጠሮ ይቀረኛል። ስለዚህ በዚህ ወር ሪፖርት በዚያ መንገድ ላይ ውንብድና ከዜሮ ወደ አንድ ጨመረ ሲባል ብትሰሙ አትደንግጡ። የኅዳር ነው፤ የእኔ ነው።